የአባትን ዊሊስ ጂፕ ማደስ፦ ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገዱ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የቆመውን የአባት ወይም የአያት ጂፕ አስነስቶ በዚህ መንገድ ሊነዳው ያሰበ ሰው መጀመሪያ ማሰብ ያለበት ይህን ቁልቁለት ነው። ብዙው ሰው ግን ከቀለም ይጀምራል። ቀጥሎ ሞተሩ «ይጠናከር» ይባላል። ፍሬን የሚታወሰው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 1,300 ኪሎ የሚመዝን ጂፕ 1,800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 23 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ 70 ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሞተሩ በማርሽ ይዞ የሚያስቀረው ድርሻ አለ፣ ነፋሱም ጥቂት ይወስዳል፤ የቀረው ሁሉ አራት ትንንሽ ታምቡሮች (ፍሬኑ የሚይዛቸው የጎማ ክብ ብረቶች) ውስጥ ይገባል።

የትኛው ጂፕ ነው?

በአገራችን «ዊሊስ» የሚባለው ብዙ ዓይነት ነው። እዚህ የሚብራራው ሲጄ-5 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1983 ተመርቷል። በእነዚህ ዓመታት ፋብሪካው ከካይዘር ወደ አሜሪካን ሞተርስ እጅ ስለተላለፈ፣ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው አንድ አይደለም። ለመለየት ሜትር ይበቃል። ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 206 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እስከ 1971 የተሠራው ነው፤ 213 ከሆነ ከ1972 ሞዴል ጀምሮ የረዘመው ነው።

ትኩረታችን ባለ 206ቱ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 75 የፈረስ ጉልበት ያለው «ሀሪኬን» ሞተር ላይ ነው። የዚህ ሞተር ማስገቢያ ቫልቮች ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ላይ፣ ማስወጫዎቹ ግን ብሎኩ ላይ ናቸው። ስለዚህ ቴስታታውን ብቻ ሬቲፊካ (የሞተር ማደሻ ቤት) አስገብቶ «ቫልቭ ተሠርቷል» የሚል ጋራዥ ግማሹን ሥራ፣ ያውም ቀላሉን ግማሽ፣ ነው የሠራው። በሙቀት የሚጎዳው ማስወጫው ነው።

ብሎን ከመፍታት በፊት ወረቀቱ ይታይ። ሊብሬው በሟች ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ወጥቶ ስሙ ይዛወር፤ ገንዘብ ከፈሰሰበት በኋላ በወንድማማች መካከል የሚነሳው ጥያቄ ከሻንሲ ዝገት ይከብዳል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የቁጥር ሳህኑንና የተመታውን ቁጥር ማንም በስሞሪሊዮ (በብረት መሞረጃ) እንዳይነካው አስቀድሞ ይነገር። ሞተር መቀየር ሊብሬ ማስተካከልን ስለሚያስከትል፣ «የቶዮታ ናፍጣ ሞተር እንግጠምለት» ለሚለው ምክር ከመስማማትዎ በፊት ይህንንም ይቁጠሩት። ከባድ ሞተር የፊት ባለስትራውን ያጎብጣል፣ ካምቢዮውን ከታሰበለት በላይ ያስጨንቃል፣ ፍሬኑን ግን አያሻሽልም። ከሁሉም በላይ፣ የሚታደሰው መኪናው ስለሚወደድ ከሆነ፣ የሚወደደው ድምፁም ጭምር ነው።

ሲፈታ

የመጀመሪያው ስብራት ጎማ ሲፈታ ይመጣል። በብዙዎቹ የድሮ ጂፖች የግራ ጎማዎች ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ በተለመደው አቅጣጫ ሲታገሉት ይበልጥ ይጠብቃል፣ ከዚያ ፕሪጅኖው (ዳዶው የሚጠብቅበት ብሎን) ይቆረጣል። ጫፉ ላይ የ«ኤል» ምልክት ካለ ወደ ቀኝ ነው የሚፈታው።

ሁለተኛው ችግር ኢንች ነው። የዚህ መኪና ብሎን ሁሉ በኢንች የተሠራ ነው። 5/16 ኢንች ማለት 7.94 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የ8 ብሎን ይገባል፣ ሁለት ዙርም ይሄዳል፤ ግን የጥርሱ ርቀት ስለማይገጥም በጉልበት ሲጠበቅ የብሎኩን ጥርስ ይልጠዋል። ቁልፍም እንዲሁ ነው። 19 ቁልፍ ለ3/4፣ 16 ለ5/8 ይሆናሉ፤ 13 ቁልፍ ግን 1/2 ላይ ይላወሳል፣ የብሎኑንም ማዕዘን ያከባል። አንድ ሙሉ የኢንች ቁልፍ ስብስብ መግዛት ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማል። የዛገ ብሎን ሲያስቸግር ዘይት ነክሮ ማሳደር፣ ካልሆነም ዳዶውን በእሳት አግሎ መፍታት ይሻላል።

እያንዳንዱ ክፍል ሲፈታ ፎቶ ይነሣ፣ ብሎኖቹ በየከረጢታቸው ስም ይጻፍባቸው። የማይሠራ ዕቃም ቢሆን አዲሱ ተገጥሞ እስኪሞከር ድረስ አይጣል፤ ለቶርኖ ቤት ናሙና የሚሆነው እሱ ነው። ኩሽኔታ የሚገዛው በመኪናው ስም ሳይሆን ጠርዙ ላይ በተመታው ቁጥር ነው። ሶማሌ ተራ ሄዶ «የዊሊስ ጂፕ የፊት ጎማ ኩሽኔታ» ያለ ሰው «የለም» ተብሎ ይመለሳል፤ 18590 ከነ ቀለበቱ 18520 ብሎ የጠየቀ ግን ሌላ መኪና ላይ የሚሠራውን ያንኑ ዕቃ ሊያገኝ ይችላል።

ፍሬን

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ጂፖች ፍሬን ማስተራቸው (ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ባለ አንድ ክፍል ነው። አንድ ቱቦ ከተቀደደ ወይም አንድ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ካፈሰሰ አራቱም ጎማ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር መግጠም ነው፤ አንዱ ለፊት፣ ሌላው ለኋላ። ሲመረጥ የፒስተኑ ውፍረት ከድሮው ጋር ይቀራረብ። በጣም ከወፈረ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ከቀጠነ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል።

የብረት ቱቦዎቹ ከውጭ ደህና ቢመስሉም ከውስጥ ይበላሉ፤ ሁሉም በአዲስ ይተኩ። መጋጠሚያው ጫፍ ድርብ ሆኖ ይታጠፍ፤ ነጠላው ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ሦስቱ የጎማ ቱቦዎችም ይቀየሩ። ያረጀ የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ያሳልፍና አይመልስም፤ ያኔ ጎማው ተይዞ ይቀራል፣ ታምቡሩም ይግላል። ብዙ ጊዜ የፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ተጭኖ የሚይዘው) እየተወቀሰ የሚቀየረው በዚህ ቱቦ ጥፋት ነው።

ታምቡሩ ተልጦ ከመጀመሪያው ስፋቱ በ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ከሰፋ ይጣል፤ ስስ ብረት ቶሎ ይግላል፣ ሲግልም ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል። አዲስ ሸራ ተለጥፎ ሲመጣ ጠመዝማዛነቱ ከታምቡሩ ጋር መግጠሙ በኖራ ወይም በጠመኔ ይፈተሽ፤ ጠመኔው ጫፍና ጫፉ ላይ ብቻ ከጠፋ መሐሉ አይነካም ማለት ነው። ከዚያ፣ በታችና በላይ ባሉት ማስተካከያዎች የሸራው የታችኛው ጫፍ ከታምቡሩ 0.13፣ የላይኛው ጫፍ 0.20 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ይደረጋል። ብዙ ጋራዦች የላይኛውን ማስተካከያ ብቻ ያጠብቃሉ፤ ጂፑ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን የሚጎትተው ከዚህ የተነሣ ነው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ስላለበት አቧራው በኮምፕሬሰር አይነፋ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ለጣርማበር ቁልቁለት ዶት 4 ይሁን፣ በየሁለት ዓመቱም ይቀየር። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ፍሬን አይገፋም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ማስተሩ ውስጥ ከገባ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፣ ሁሉም እንደገና ይፈታል።

«ዲስክ ፍሬን ይሁንለት» የሚል ምክር ይበዛል። ዲስክ ጥሩ ነው፤ ግን ጠንካራ ግፊት ስለሚፈልግ አብሮት ማገዣ ይመጣል። ማገዣው የሚሠራው በሞተሩ የመሳብ ኃይል ነው፤ ይህ ኃይል ደግሞ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ በባሕር ዳርቻ ካለው ግማሹ ገደማ ነው። ከ9 ወይም ከ10 ኢንች ታምቡር ወደ 11 ኢንች ማሳደግ ለዚህ አገር ይበልጥ ያዋጣል፤ ብረቱ ብዙ ሙቀት ይይዛል፣ ማገዣም አይለምንም። ዲስክ ከተገጠመ ግን ለታምቡር ታስቦ ማስተሩ ውስጥ የሚቀረው የ10 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ግፊት ማስቀሪያ ቫልቭ ከፊት መስመር መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ዲስኩ ሳይለቅ እየተፋጨ ይግላል።

ሁለተኛ ማርሽ የፍሬን ወገን ነው

ቲ-90 የሚባለው ካምቢዮ ሦስት ማርሽ ሲኖረው አንደኛው ሲንክሮ (መኪናው እየሄደ ማርሽ ያለ ግጭት እንዲገባ የሚያደርገው ክፍል) የለውም። መኪናው እየሄደ አንደኛ ለማስገባት መሞከር ጥርስ ማራገፍ ነው፤ ሳይገባ ከቀረም ጂፑ በዜሮ ቁልቁል ይንደረደራል። ስለዚህ ከጣርማበር የሚወረደው ገና ከአናቱ ሁለተኛ ተገብቶ ነው። ችግሩ፣ የዚህ ካምቢዮ የታወቀ በሽታ ቁልቁል ላይ እግር ከቤንዚን ፔዳል ሲነሣ ከሁለተኛ መውጣቱ ነው! ከሞተር እድሳት በፊት ይህ ይፈተሽ። በቀላል ቁልቁለት ላይ ሁለተኛ አስገብቶ እግርን መልቀቅ ይበቃል፤ ማርሹ ከወጣ መጀመሪያ የላይኛው ክዳን ውስጥ ያሉት ኳሶችና ሞላዎች ይታዩ፣ ርካሽ ናቸው። ቀጥሎ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች መላላታቸው፣ በመጨረሻም የሲንክሮውና የሹካው መበላት።

የካምቢዮ ዘይት ባለ 90 ጂ.ኤል-4 ይሁን። ጂ.ኤል-5 «ይበልጣል» ተብሎ ይሸጣል፤ ለዲፈረንሻል ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን በውስጡ ያለው ቅመም የሲንክሮውን ነሐስ ሊበላው ይችላል። ዘይቱ ከካምቢዮ ወደ ሁለተኛው ካምቢዮ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ ወደሚያከፋፍለው ዳና 18) እየሾለከ ሊያልፍ ስለሚችል፣ አንዱ ጎድሎ ሌላው ሞልቶ ሲገኝ ፍሳሽ ፍለጋ መሬት ማየት አያስፈልግም።

ሞተሩን ሳይሞት አለመቅበር

ከፍታ የመለኪያ ቁጥር ያዛባል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ሞተር ያለ ጥፋቱ ተፈትቷል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ሞተር የሚሰጠው ኮምፕሬሽን 120 ፒ.ኤስ.አይ አካባቢ ነው፤ ይህ በባሕር ጠለል ነው። ያው ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ሲለካ 85 ገደማ ያሳያል። መካኒኩ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ይውረድ» ሊል ይችላል። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ10 ፒ.ኤስ.አይ ካልበለጠ ሞተሩን ይተዉት። አንዱ ብቻ ከወረደ ትንሽ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምሮ መልሶ መለካት ነው። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። የመሳብ መለኪያም በባሕር ጠለል 18 እስከ 20 ኢንች የሚያሳየው እዚህ 9 እስከ 11 ቢያሳይ በሽታ አይደለም።

ጉልበቱም እንዲሁ ነው። 75 ተብሎ የተጻፈው እዚህ 55 ገደማ ይሆናል፤ አየሩ ስስ ነውና። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ለወፍራም አየር የታሰበውን ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ያጨሳል። በትንሽ ጄት ማቅጠን ይቻላል፤ ሆኖም ለደብረ ብርሃን ልክ የተቀጠነ ሞተር ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቤንዚን ያንሰዋል፣ ማስወጫ ቫልቩም ይቃጠላል። ሁለቱንም የሚመላለስ ሰው ከመሐሉ ቢውል ይሻለዋል፤ ትንሽ ጥቁር ካንዴላ ከተቃጠለ ቫልቭ ይረክሳል።

ማስተካከያዎቹ እነዚህ ናቸው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማስገቢያ ቫልቭ 0.46፣ ማስወጫ 0.41 ሚሊ ሜትር፤ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መክፈቻና መዝጊያ) 0.5፤ ካንዴላ 0.75። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ሲሆን እሳቱ ከላይኛው ነጥብ 5 ዲግሪ ቀድሞ ይሰጣል። ደጋ ላይ 3 ዲግሪ ተጨማሪ ማስቀደም ጉልበቱን ያነቃዋል፤ ቆላ ወርዶ ዳገት ላይ ማንኳኳት ከተሰማ ይመለስ። ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ መቀየር ጥሩ ማሻሻያ ነው፤ አሮጌው ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ ግን ከዕቃ ሳጥን አይውጣ፤ መንዝ ውስጥ ኤሌክትሮኒኩ ቢቃጠል የሚያስመጣዎት እሱ ነው። እርሳስ የሌለው ቤንዚን ማስወጫ ቫልቩን ይበላል የሚለው ስጋት ለዚህ ሞተር እምብዛም ነው፤ ከፋብሪካው ጀምሮ መቀመጫው ጠንካራ ቀለበት አለው። የቤንዚን ቱቦ ጎማው ግን በአዲስ ይተካ፤ ያረጀ ጎማ ኢታኖል ሲነካው ይፈረፈራል።

ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን 7 ፒ.ኤስ.አይ በትክክል ከያዘ ወደ 105 ከፍ ይላል። «ጂፑ ያፈላል» የሚለው ስሞታ ግማሹ ክዳኑ ጎሚኒ አልቆበት ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ ቢሆንም በዚህ ብርድ ጥፋት ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚኑ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል። ባለ 82 ዲግሪ ይግባለት። ብሎኩ ጎን ያሉት ታፖዎች (መድፈኛዎች) ወጥተው በተለይ ከአራተኛው ሲሊንደር ጀርባ የተከማቸው የዝገት ጭቃ በሽቦ ይጠረግ፤ ራዲያተር ብቻ ማሳጠብ ይህን አያነሣውም። ከጥቅምት እስከ ጥር የሌሊቱ ውርጭ ብሎክ ስለሚሰነጥቅ እኩል ውሃና እኩል ፀረ-በረዶ ይሞላ።

ዳገት ላይ ሞተሩ ተንፈቅፍቆ ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሣ ከሆነ፣ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቷል። ቱቦው ከማስወጫው ይራቅ። የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከተገጠመ ከሰልባትዮው አጠገብ፣ ግፊቱም ከ4 ፒ.ኤስ.አይ ያልበለጠ ይሁን፤ ከዚያ በላይ የካርቡራተሩን መርፌ አሸንፎ ያጥለቀልቃል።

ኤሌክትሪክ

የመጀመሪያዎቹ 6 ቮልት ናቸው፤ ብርድ ጠዋት ላይ ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) ያቃስታል። ወደ 12 ሲቀየር ባትሪ፣ ዲናሞ በአልተርኔተር፣ ቦቢና፣ አምፖሎች ሁሉ ይቀየራሉ፤ ለነዳጅ መለኪያው ቮልት መቀነሻ ያስፈልጋል። የ6 ቮልት ሞተሪኖ በ12 ለአጭር ጊዜ ይሠራል፤ ሌላ ሞተሪኖ ሲገዛ ግን የቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) ጥርስ ይቆጠር፤ የ6 ቮልቱ 124፣ የ12ቱ 129 ነው፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የጣርማበር ጉም ደህና መብራት ይጠይቃል። ክቡ 7 ኢንች ቤት ባለ ኤች4 አምፖል ይቀበላል፤ ሁለቱ አብረው 10 አምፔር ገደማ ስለሚስቡ በሪሌ ይሂዱ፣ አለዚያ የድሮው ማብሪያ ይቃጠላል። ፋብሪካው በፊውዝ ስስታም ነበር፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ይኑረው።

ላሜራና ቀለም

ሻንሲው መሪው በታሰረበትና ባለስትራው በተንጠለጠለበት አካባቢ ይሰነጠቃል። ተጠርጎ በደንብ ይታይ፤ ስንጥቁ ጫፉ ላይ ተበስቶ ይበየድ፣ ከዚያ ማጠናከሪያ ይደረብ። ቴስቲናዎቹ (የመሪው ዘንግ መጋጠሚያዎች) ቢላወሱ ይቀየሩ እንጂ በቶርኖ አይሞከሩ።

የወለሉ የበሰበሰ ክፍል እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ በ1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ጫፍ ለጫፍ ይበየድ። በላዩ መደረብ ውሃ ያሳድራል። ብየዳው ነጥብ ነጥብ እየተደረገ፣ እየተራራቀ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከተሳበ ላሜራው ይጣመማል። ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የወለሉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ይቆዩ።

አባት በእጁ ያስበየደው መቀመጫ፣ የተበላው የመሪ ጎማ፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ጭረት፣ እነዚህን አዲስ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ዝገቱን አስቁሞ፣ ቀጭን ቫርኒሽ ቀብቶ መተው ይቻላል። ለማሻሻያ ሲባል ዋናው ሻንሲና ቦዲ ላይ አዲስ ቀዳዳ ባይበሳ ይመረጣል፤ ነገ ልጁ ወደ ጥንቱ ልመልሰው ቢል እንዲችል።

ቀለሙ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ሙቀት፣ ነፋስ በማይገባበት ቤት ይረጭ። ማለዳ ብርድ የያዘው ብረት ላይ የማይታይ ጤዛ አለ፤ አንቲሩጅኑ (ዝገት መከላከያ ቀለሙ) በላዩ ከተቀባ ዓመት ሳይሞላ ያብጣል። ማታ ወደ ውጭ አይውጣ፣ ሰምም ወር ሳይሞላው አይቀባ።